ጥቁር ለባሿ ማን ሞቶባት ነው?

ባለፈው እትም የዚህ ዓምድ ጽሑፍ አጠረና ከታች ባዶ ቦታ ቀረ። ቦታውን ለመሙላት አንድ የቆየ ፎቶ ሰጠሁ። ከራሷ እስከ እግሯ በጥቁር የተጠቀለለች፣ ፊቷ ብቻ ነጭ ሆኖ የወጣ፣ ዓይኗ በኩል የደመቀ ሴት። ከሥሩ "ዝነኛ ፈረንሳዊት ተዋናይት፣ 1915" ከማለት ሌላ ትንፍሽ አላልኩም። ጥፋቱ የኔ ነው። ይኸው ሰው መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቶኛል። እዚህ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ቡና ልጠጣ ቁጭ ስል እንኳ "ያቺ ሴትዮ ማናት?" እባላለሁ። ከመጡልኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጬ ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቆጪ የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ። ፎቶዋን ከመጽሔቱ ቆርጬ መስተዋቱ ጎን ለጠፍኩት። ደንበኞቼ ዓይኗን እያዩ "እንደሷ ኳይኝ" ማለት ጀምረዋል። እናቴ ግን ገና ሲያዩዋት "ውይ ልጄን! ማን ሞቶባት ነው?" አሉ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ስልኩ ላይ ፈልጎ "ቫምፓየር ናት፣ ደም ነው የምትጠጣው" አለን። እናቴ ይህን ከሰሙ ወዲህ "አንሺልኝ ከቤቴ" እያሉ ነው። ላንሳት ወይስ ትቆይ? ማንስ ናት?

መልስ፦ እቱ፣ አታንሺያት። ወንድምሽ ግማሹን አግኝቶ ግማሹን ስቷል። እናትሽ ደግሞ ሳያውቁት ከሁላችንም የተሻለ ነገር ተናግረዋል። ወደሱ እመጣለሁ።

የሴትዮዋ የመድረክ ስም ሙሲዶራ ነው። እናት አባቷ ያወጡላት ስም ዣን ሮክ ይባላል። የተወለደችው ፓሪስ ውስጥ፣ የካቲት 1889 ነው። በእኛ 1881 መሆኑ ነው። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ሊወድቁ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው። አባቷ ዜማ ደራሲ ነበር፣ የሶሻሊስት አስተሳሰብ የነበረው። እናቷ ደግሞ ለሴቶች መብት የምትሟገትና የሥነ ጽሑፍ መጽሔት የምታዘጋጅ ሴት ነበረች። እንዲህ ካለ ቤት የወጣች ልጅ ዝም ብላ እንደማትቀመጥ መገመት ነው። ሙሲዶራ የሚለውን ስም ራሷ ናት የመረጠችው፣ ቴዎፊል ጎቲዬ ከጻፈው ልብ ወለድ ውስጥ። በግሪክኛ የጥበብ አማልክት ስጦታ እንደማለት ነው።

የመጀመሪያ ፊልሟ በ1914 የወጣ ነው። የሠሩት ፓሪስ ውስጥ በኅብረት ሥራ ማኅበር የተደራጁ ሠራተኞች ነበሩ። ታሪኩም በመርፌ ሥራ ስለምትኖር ድሃ ሴት ነው። ይህን ሰው አያነሳውም፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል። በጥቁር ልብስ ጣሪያ ለጣሪያ ከመሮጧ በፊት ልብስ ሰፊ ሆናለች።

ከዚያ ፎሊ ቤርዤር በሚባለው የፓሪስ የትርዒት ቤት መድረክ ላይ ስትሠራ ሉዊ ፈያድ አያት። ፈያድ የጎሞን ፊልም ኩባንያ ዋና ሰው ነበር። እጁ የማያርፍ፣ በመቶ የሚቆጠር ፊልም የሠራ ሰው። እሱ ነው በ1915 "ቫምፒሮቹ" የተባለውን ተከታታይ ፊልም ሲጀምር ያስገባት።

እዚህ ላይ ወንድምሽን አስቀምጪውና ንገሪው። በዚያ ፊልም ውስጥ ደም የሚጠጣ አንድም የለም። "ቫምፒሮቹ" ፓሪስን የሚያምሱ የሌባ ቡድን ናቸው። የመጀመሪያው ክፍል የሚጀምረው ጉዳያቸውን ሲከታተል የነበረ መርማሪ አንገቱ ተቆርጦ በመገኘቱ ነው። በሁለተኛው ክፍል የሌሊት ወፍ ክንፍ ለብሳ የምትጨፍር ዳንሰኛ በመርዝ ቀለበት ተወግታ መድረክ ላይ ትወድቃለች። በሌላው ደግሞ የድግስ ቤቱን እንግዳ በሙሉ በጋዝ አስተኝተው ወርቁን ከአንገትና ከጣት ላይ ይለቅሙታል። ፊሊፕ ጌራንድ የሚባል ጋዜጠኛ ያሳድዳቸዋል። አብሮት ማዛሜት የሚባል አስቂኝ ሰው አለ፤ እሱን ካየሽ ወዲያ ጋዜጠኛው ትዝም አይልሽ።

ሙሲዶራ እስከ ሦስተኛው ክፍል ድረስ የለችም። ስትመጣ ኢርማ ቬፕ የምትባል የካባሬ (የምሽት መዝናኛ ቤት) ዘፋኝ ሆና ነው። ጋዜጠኛው በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ቆሞ ያነባል። ወዲያው ፊደሎቹ ከቦታቸው እየተነሱ ይዘዋወራሉ። ኢርማ ቬፕ የሚለው ስም "ቫምፒር" ሆኖ ቁጭ ይላል።

ይህን ጨዋታ በእኛ ፊደል ልሞክረው ብዬ አንድ ማታ ወረቀት ይዤ ተቀምጬ ነበር። በፈረንሳይኛ ሁለቱም ሰባት ሰባት ፊደል ናቸው፣ አንድም ሳይተርፍ አንድም ሳይጎድል። በእኛ ግን ቫምፒር አራት፣ ኢርማ ቬፕ አምስት ሆነብኝ። ቫ ወደ ቬ፣ ም ወደ ማ፣ ፒ ወደ ፕ ይሄዳል። ር ባለበት ይቀራል። ኢ ሜዳ ላይ ቀረች። የእኛ ፊደል አናባቢውን አብሮ አዝሎ ስለሚሄድ ቤተሰቡ ያው ሆኖ ልጆቹ ይለወጣሉ። ግን ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቅኔ የሰማ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ኢርማ ቬፕ ሰሙ፣ ቫምፒር ወርቁ።

አሁን ስለ ኩሉ። ደንበኞችሽ ልክ ናቸው፣ ዓይኗ ያስፈራልም ይስባልም። ግን ለውበት ብቻ አልነበረም። የዚያን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ፊልም ቀይ ቀለም አያይም ነበር፤ ቀዩን ጥቁር አድርጎ ነው የሚያወጣው። ሰማያዊውን ደግሞ ነጭ ያደርገዋል። ስለዚህ ያልተኳለ ዓይን፣ በተለይ የፈረንጅ ሰማያዊ ዓይን፣ ሸራው ላይ ባዶ ጉድጓድ ይመስላል። ቀይ የተቀባ ከንፈር ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ተዋናዮቹ ፊታቸውን በነጭ ለቅልቀው ዓይናቸውን በጥቁር የሚከቡት ለዚህ ነው። ሙሲዶራ ግድ የሆነውን ነገር መልክ አደረገችው።

ወደ እናትሽ ልመለስ። "ማን ሞቶባት ነው?" ብለዋል። ልብሱ እንኳ የሐዘን አይደለም። ከላይ እስከ ታች የተጣበቀ ጥቁር ሐር ነው፣ ጣሪያ ለመውጣት የሚመች። በዚያ ዘመን ሴት እንዲያ ሆና ስትታይ ጉድ ነው የተባለው። ነገር ግን ፊልሙ የወጣው ኅዳር 1915 ላይ ነው። ፈረንሳይ ጦርነት ከገባች አንድ ዓመት አልፏታል። ጦርነቱ ሲያበቃ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ የፈረንሳይ ወታደር ሞቶ ነበር። ሲኒማ ቤቱን ከሞሉት ሴቶች ብዙዎቹ ልጅ፣ ባል፣ ወንድም የሞተባቸው፣ ጥቁር የለበሱ ነበሩ። ፈያድ ራሱ ለጦርነት ተጠርቶ በጤና ምክንያት የተመለሰ ሰው ነው። ተዋናዮቹም ይዘምቱበት ነበር። ፊልሙ ውስጥ የፓሪስ መንገዶች ጭር ያሉ ናቸው። ማታ ማታ እያየሁት የእናትሽ ጥያቄ ነው አሁን የሚመጣብኝ።

ታዲያ ፎቶዋ ይቆይ። ደንበኛ ካበዛልሽ ግን ኮሚሽኔን እጠይቃለሁ።

ጥያቄ፦ ዓምደኛው፣ ባለፈው ያወጣኸውን ፎቶ አይተን ከጓደኛዬ ጋር ፊልሙን ፈለግነው። ወደ ሰባት ሰዓት የሚጠጋ ርዝመት አለው! ለዚያውም ድምፅ የለውም። ሰባት ሰዓት ዝም ብሎ የሚያይ ማን ነው? መብራት በሄደ ቁጥር ከየት ልንጀምር ነው? ከመንደራ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በአንድ ቁጭታ ጨርሰው ያለህ ማነው? ያኔም ማንም እንዲያ አላየውም። አሥር ክፍል ነው። ከኅዳር 1915 እስከ ሰኔ 1916 ድረስ እየተቆራረጠ ነው የወጣው። በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር እስከ ሰኔ 1908። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሊወርዱ ሦስት ወር ሲቀራቸው የመጨረሻው ክፍል ታየ። ያኔ ጅማን የሚገዙት አባ ጅፋር ነበሩ። ክፍሎቹ እኩል አይደሉም፤ አንዱ ሩብ ሰዓት፣ ሌላው አንድ ሰዓት ነው። መብራት ለሚሄድበት ሰፈር ከዚህ የተመቸ ፊልም አላውቅም። ትንሿን ክፍል ጀምር፣ መብራት ሳይሄድ ትጨርሳታለህ።

ቤታችሁ በአማርኛ የተመለሰ የቱርክ ድራማ የሚያይ ሰው አለ አይደል? ያው ነው። "ቀጣዩ ምን ይሆን?" ብሎ ሰውን አንጠልጥሎ ማቆየት። ፈያድ ሩጫ ላይ የነበረው በምክንያት ነው። የጎሞን ተፎካካሪ የሆነው ፓቴ የተባለ ኩባንያ፣ ፐርል ዋይት የምትሠራበትን የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ፓሪስ ሊያስገባ ነበር። ጎሞን መቅደም ነበረበት። ስለዚህ ድርሰቱ ሳይጠናቀቅ ቀረጻው ይቀጥላል። አንዳንዴ ታሪኩ ማሰሪያ የሌለው የሚመስለው ለዚህ ነው። ቡድኑ ሦስት አለቃ ይቀያይራል፣ አንዱ ሲሞት ሌላው ይተካል። ኢርማ ቬፕ ግን አለች። እስከ አሥረኛው ክፍል ድረስ አለች። እንዴት እንደምትሞት አልነግርህም፤ ገዳይዋ ማን እንደሆነች ስታይ ግን ትገረማለህ። ("ገዳይዋ" ስል አመለጠኝ፣ ይቅርታ።)

ፖሊስም ተቆጥቶ ነበር። ሌቦቹ ብልህ፣ ፖሊሶቹ ደነዝ ሆነው ታዩ ተብሎ የፓሪስ ፖሊስ አዛዥ ለጊዜው አስቆመው። ሙሲዶራ ራሷ ቢሮው ድረስ ሄዳ አግባብታ አስፈቀደችው ይባላል። ፈያድ ነገሩ ስላልተዋጠለት ይሁን ስለገባው፣ ቀጥሎ በሠራው "ዡዴክስ" ላይ ዋናውን ሰው ለፍትሕ የሚቆም አደረገው። ሙሲዶራ እዚያም ክፉ ሴት ናት። ጥሩ ሴት ብትሆን ማን ያያት ነበር?

ድምፅ የለውም ላልከው፦ የኔ ዕድሜ ያላችሁ ጅማዎች መስክሩልኝ። እኛ ሲኒማ ቤት ገብተን የህንድ ፊልም ስናይ አንድ ቃል እንኳ ይገባን ነበር? ዘፈኑን ግን በቃላችን እንዘፍን ነበር። እናቲቱ ስታለቅስ እናለቅሳለን። ወንድማማቾቹ ሲገናኙ እናጨበጭባለን። ያ ሁሉ ሰው ፊት እያነበበ ነው። ሙሲዶራን ደግሞ ፊቷን ባታነብ ትከሻዋን ታነባለህ። ትራመድና ትከሻዋ ላይ አንድ ነገር ይታይሃል፤ እያሳቀች ነው የምትሰርቅህ።

በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ሲኒማ የመጣ ጊዜ ሰው ቤቱን "ሰይጣን ቤት" ብሎ ነበር የሰየመው። ስለዚህ የቆጪዋ ባለ ፀጉር ቤት እናት ፎቶውን አንሺ ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ የምኖረው ወደ ጅረን መውጫ ነው። ያወጡትን ፎቶ ተመለከትኩ። ሴትዮዋ ቆንጆ ናት። ከቁንጅናዋ ሌላ የሠራችው ነገር አለ ወይ? እንዲህ ያሉ ሰዎች መጨረሻቸው አያምርም ይባላል፤ የርሷስ እንዴት ሆነ?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ጥያቄዎ ደስ ብሎኛል። ለመመለስም የጓጓሁት ይህንን ነበር።

ሴትዮዋ ዳይሬክተር ናት። በራሷ ስም የፊልም ድርጅት አቋቁማ ራሷ ፊልም ሠርታለች። በዚያን ዘመን ሴት ዳይሬክተር ብርቅ ነበረች፣ ግን ሙሲዶራ የመጀመሪያዋ አይደለችም። በዚያው በጎሞን ቤት አሊስ ጊ የምትባል ጸሐፊ በ1896 ካሜራ ይዛ ፊልም መሥራት ጀምራለች። በ1907 ወደ አሜሪካ ስትሄድ ወንበሯን የወረሰው ማን ይመስልዎታል? ፈያድ። ስለዚህ ሙሲዶራን ያገኛት ሰው ራሱ ከሴት አለቃ የተረከበ ነው።

ሙሲዶራ የደራሲዋ የኮሌት የልብ ጓደኛ ነበረች። የኮሌት ልብ ወለድ ሮም ውስጥ ወደ ፊልም ሲለወጥ ዋናዋ ተዋናይት እሷ ናት። ከዚያ ኮሌት በጻፈችው ታሪክ "የተደበቀው ነበልባል" የሚባል ፊልም በ1918 አብረው ሠሩ። ይህ ፊልም ዛሬ የለም። ጠፍቷል።

ስለ መጥፋት ትንሽ ልበል። እኔ ብዙ ዓመት ካሴት አከራይ ነበርኩ። የጅማን ዝናብ ያውቁታል። አንድ ክረምት ቤት ዘግቼ ዘመድ ጥየቃ ሄድኩ። ስመለስ ካሴቶቹ ነጭ ሻጋታ አብቅለዋል፣ ዳቦ ይመስል። በአልኮል ጠረግኩ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ፣ ማጫወቻው ውስጥ ሳስገባቸው የማጫወቻውን ራስ አበላሹብኝ። መቶ ምናምን ካሴት ጣልኩ። ከነዚያ ውስጥ የሰፈራችን ሰው ሠርግ የተቀረጸበት አንድ ነበር፣ ቅጂ እንድሠራለት የሰጠኝ። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። ልክ ነው። ስለዚህ "ፊልሙ ጠፍቷል" የሚል ነገር ሳነብ ሽታው ነው የሚመጣብኝ።

ወደ ሴትዮዋ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ስፔን ሄደች። በስፔን የባስክ አገር ስለተደረገ የዙፋን ጦርነት ትልቅ ፊልም ሠራች። ከዚያ አንቶኒዮ ካኜሮ ከሚባል የበሬ ተዋጊ ጋር ፍቅር ያዛት። ይህ ሰው እንደሌሎቹ በእግሩ ቆሞ ሳይሆን ፈረስ ላይ ሆኖ ነው በሬ የሚገጥመው። የጅማ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ንጉሣችን የሚጠሩት በፈረሳቸው ስም በሆነበት አገር፣ ሴት ባለ ፈረስ ብትወድ ምን ይገርማል? በ1922 "ፀሐይና ጥላ"፣ በ1924 "የኮርማዎች ምድር" የሚባሉ ፊልሞች እዚያው ስፔን ሠራች። በመጀመሪያው ላይ ሁለት ሴት ሆና ትጫወታለች። ዳይሬክተሯም እሷው ናት።

ገንዘብ ግን አልሆነላትም። በራሱ ገንዘብ ፊልም የሠራ ሰው ያውቀዋል። ወደ ፈረንሳይ ተመልሳ በ1927 አንድ ሐኪም አገባች፣ ወንድ ልጅ ወለደች። በ1944 ተፋቱ። በዚህ መሀል ልብ ወለድም ግጥምም ጽፋለች።

ፓሪስ ውስጥ ግን ያልረሷት ነበሩ። ሉዊ አራጎንና አንድሬ ብሬቶን የሚባሉ ገጣሚዎች በጦርነቱ ዘመን ወጣት ሳሉ ፊልሞቿን አይተው አብደው ነበር። በ1928 ለእሷ ብለው ተውኔት ጻፉ። የገጸ ባሕርያቱ ስም የተሠራው የሙሲዶራን ስም ፊደል በማገለባበጥ ነው። አንደኛዋ "ማድ ሱሪ" ትባላለች። ይህን ሳነብ ቡናዬን አፈሰስኩት። በጠባብ ልብሷ አገር ያወራላት ሴት ስሟ ሲገለበጥ ሱሪ ይወጣዋል! በፈረንሳይኛ ሱሪ ከአይጥ ጋር ነው የሚቀራረበው፣ ግን ምን ያደርጋል። እሱን ደግሞ በፊደላችን ሞከርኩት። ሙ ወደ ማ፣ ዶ ወደ ድ፣ ሲ ወደ ሱ፣ ራ ወደ ሪ። አራት ለአራት፣ ሜዳ ላይ የቀረ የለም።

መጨረሻዋን ጠይቀዋል። ፓሪስ ውስጥ አንሪ ላንግሉዋ የሚባል ሰው ከጓደኞቹ ጋር በ1936 የፊልም ማኅደር መሥርቶ ነበር። የድሮ ፊልም ከመቃጠልና ከመጣል የሚያድን፣ መልሶም ለሰው የሚያሳይ። ሙሲዶራ ከ1940ዎቹ ጀምሮ እዚያ ሠራች። ወረቀት ታደራጃለች፣ ድምፅ አልባውን ዘመን ያዩ ሽማግሌዎችን ቃል ታሰባስባለች። የሁሉም ዕድሜ እያለቀ እንደሆነ ታውቃለች፤ ራሷም አንዷ ናት። ፈያድን ለማስታወስ አንድ አጭር ፊልም ሠርታለታለች። በ1957 ዓመቱ ሊያልቅ ሲል በ68 ዓመቷ አረፈች።

አንዳንድ ቀን ደግሞ በዚያው ማኅደር የትኬት መስኮት ላይ ትቀመጥ ነበር።

መምህር፣ እኔ በጎረምሳነቴ እዚህ ጅማ ሲኒማ ቤት አራት ዓመት ትኬት ሸጫለሁ። መስኮቱ ዝቅ ያለና ትንሽ ነበር። ከውጭ ያለው ሰው የሚያየው እጄን ነው፣ እኔም የማየው እጁን ነው። ሕርማታ ገበያ አንዴ ቅቤ ስገዛ ሻጯ ጣቴ ላይ ያለውን ቀለበት አይታ "አንተ ያ የትኬቱ ልጅ አይደለህም?" ብላኛለች። ፊቴን ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም።

አሁን ፓሪስን ያስቡት። ወጣቶች ተሰልፈዋል። ውስጥ የሚታየው የ1915ቱ ፊልም ነው። መስኮቱ ጋ ያሉት አሮጊት ሳንቲም ቆጥረው ትኬት ይሰጣሉ። ልጁ ትኬቱን ይዞ እየሮጠ ይገባል፣ መብራት ይጠፋል፣ ያቺ ጥቁር ለባሽ ጣሪያ ላይ ብቅ ትላለች። መልሱን እንኳ በትክክል ስለመቀበሉ እጠራጠራለሁ። እኔ ሳለሁ ፊልም ሊጀምር ሲል መልስ የሚቆጥር አልነበረም።